ሲነኩት ፈገግ የሚለው ልጅ

ውድ ሲስተር፣

ጠዋት በራችሁ ላይ ቆሜ «የለችም በይው» ስትዪ ሰምቼሻለሁ። የሌለ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ታናሽ እህትሽ የምትገባበት ጠፍቷት መሬት መሬት ስታይ፣ በአንቺ ፈንታ እኔ አፈርኩ። እስከ ውጭው በር ሸኘችኝና «ዶክተር፣ ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ትጣላላችሁ። ስልኳንም ዘግታለች። ይጻፉላት። እሷ የተጻፈ ነገር ሳታነብ አትጥልም፤ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ታነባለች» አለችኝ። እንግዲህ ሳሙና ነው ብለሽ አንብቢኝ።

መጀመሪያ ልትሰሚው የምትፈልጊውን ልንገርሽ። አረንጓዴ ያሰርሽለት ልጅ በሕይወት አለ። ቀጥሎ የማትፈልጊውን። ትኩሳቱ ከትናንት ጀምሮ ተመልሶበታል፤ ሆዱ ተነፍቷል፤ በአልትራሳውንድ ስናየው ከታች መግል ቋጥሯል። እንደገና መከፈት አለበት። ቀዶ ሐኪሙ የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ይዞ ከገባ ቆይቷል። እሱን ጨርሶ ሲወጣ ክፍሉ ይጸዳና ተራው የልጁ ነው። እናትየው ግን አልፈርምም ብላለች። አልፈርምም ያለችው በአንቺ ምክንያት ነው። ጠዋት የመጣሁት ይህን ልነግርሽ ነበር።

ተቆጥቻለሁ። «አንተ ደግሞ መቼ ሳትቆጣ ውለህ ታውቃለህ» እንደምትዪ አውቃለሁ። ስወለድ አዋላጇን ገምግሜ እንደወጣሁ ለአዳዲሶቹ ነርሶች ስትነግሪያቸው በመጋረጃው በኩል ሰምቻለሁ፤ ሳቅኩ እንጂ አልተቀየምኩም። የአሁኑ ቁጣ ሌላ ነው። በምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን ያንን ቀን በቅደም ተከተል ላስቀምጥልሽ። አንቺ ጣሪያ ጣሪያ እያየሽ ለብቻሽ እያብላላሽው ነው። ሰው ጥፋቱን ለብቻው ሲያብላላ ልኩ ይጠፋበታል።

ስደተኞቹን የጫኑት አውቶቡሶች የደረሱት ገና የታጠበው ወለል ሳይደርቅ ነበር። መጠለያው ያስመለሰውን፣ የተቃጠለውን፣ ያነከሰውን ልጅ ሁሉ ከነቤተሰቡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ልኮታል። አዳራሹ ሞላ። ወንበሩ አልበቃ ብሎ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ መሬት ላይ ተቀመጡ። አልጋ ለመግፋት «እግር፣ እግር» እያልን ነበር የምናልፈው። ድምፅ ግን አልነበረም። ያን ሁሉ ሕፃን ባቀፈ አዳራሽ ውስጥ የጣሪያው ማራገቢያ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። ወደ እኔ ዞር አልሽና «ዶክተር፣ ዛሬ የገባነው ሆስፒታል ነው ወይስ ቤተ መጻሕፍት?» አልሽ። ሳቅን። አሁን ሳስበው የሚያስቅ አልነበረም።

እኔና አንቺ ለስንት ዙር ተማሪ ያስተማርነው አንድ ነገር አለ። የሚጮኸው ልጅ ይቆይ፤ የሚጮህ ልጅ ይተነፍሳል። ዝም ያለውን ቀድማችሁ እዩ። ሁሉም ዝም ሲል ግን ማን ይቀድማል? ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨርቅሽን ይዘሽ መሃላቸው ገባሽ። ቀይ የታሰረለት ወዲያው ይገባል፣ ቢጫው ይከተላል፣ አረንጓዴው ይጠብቃል። በዓይናቸው፣ በአረማመዳቸው፣ በከንፈራቸው ቀለም እየለየሽ ታስሪ ጀመር። ከኋላሽ አብረዋቸው የመጡት አዛውንት ልብስ ሰፊ ይከተሉሻል። በወጣትነታቸው እኛ አገር ሠርተው ቋንቋችንን ስለሚያውቁ አስተርጓሚ ያደረግናቸው እሳቸውን ነው። ገና በገቡበት ሰዓት «ጋሼ መርፌ» ብለሽ ስም አወጣሽላቸው። «ልጆቹ ፊት እንዳትጠሪኝ እንጂ ለእኔስ ግድ የለኝም» አሉሽ።

ልጁ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከእናቱ ጎን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። እኔ ከአጠገባችሁ የአንዲት ልጅ የተቃጠለ ክንድ እያጠብኩ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። አዲስ ጓንት አጠለቅሽ፣ መነጽርሽን አስተካከልሽና ተንበረከክሽ።

«ይሄ ጎረምሳ ምን ሆነ?» አልሽ።

ጋሼ መርፌ ጠየቋት፤ እናትየው መለሰች። «ደህና ነው ትላለች። አውቶቡሱ አናውጦት ነው ያስመለሰው።»

ሆዱን ተጫንሽ። ፈገግ አለልሽ። ወደ ቀኝ ዝቅ ብለሽ ተጫንሽ። አሁንም ፈገግ አለ። አንቺም ፈገግ አልሽለትና «ይሄስ ሰርግ የመጣ ነው» ብለሽ አረንጓዴውን አሰርሽለት። ከምትሠሪው ሥራ አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ የረሳሁት እንዳይመስልሽ።

ከቀትር በኋላ አዲሷ ነርስ ጠራችን። ልጁ በተቀመጠበት ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል፤ እጁ ቀዝቅዟል። አልጋ ላይ ስናወጣው ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። በዚያ ሆድ ላይ እጄን ሳሳርፍ ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ሲስተር፣ በዚህ ሥራ ብዙ አይቻለሁ። ከዚያ ፈገግታ የከፋ አላየሁም። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆዱን በክሎታል።

ያኔ ነው «አረንጓዴውን ማን አሰረ?» ያልኩት። ጮክ ብዬ ነው፤ አዎ። «እኔ» አልሽ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣኝም። ልጁን ወደ ቀዶ ጥገና ስንገፋው የአልጋውን አንድ ጎን ይዘሽ ነበር፤ በሩ ላይ ስንደርስ ለቀቅሽ። ስመለስ ባጅሽ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ያንን ጥያቄ ነገም እጠይቀዋለሁ። ማን እንዳሰረው ሳላውቅ ለምን እንደታሰረ ላውቅ አልችልም። ድምፄ ፍርድ መስሎሽ ከሆነ፣ የራሴን ድምፅ ከውጭ ሆኜ ሰምቼው ስለማላውቅ ልከራከርሽ አልችልም።

ካንቺ መሄድ በኋላ የሆነውን ስሚ።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለቀ። ልጁ ከማደንዘዣው ገና ሳይነቃ እናቱ አጠገቡ እንድትቀመጥ ፈቀድኩ። ትንሽ ቆይቶ ማቃሰት ጀመረ። ደስ አለኝ፤ የሚያቃስት ልጅ ወደ ራሱ እየተመለሰ ነው። እናትየው ግን ብድግ ብላ መዳፏን አፉ ላይ ጣለች። በዚያው ቅጽበት አስመለሰው። ትውከቱ መውጫ አጣ። አዲሷ ነርስ እጇን ልታነሳ ታገለቻት፤ የእናትየው እጅ ብረት ሆኗል። የልጁ ከንፈር ወዲያው ጠቆረ። «እጅሽን አንሺ፣ ትገዪዋለሽ» ብዬ ጮህኩባት። በማታውቀው ቋንቋ እንደምጮህ ረስቼዋለሁ። ሴትዮዋ እጇን ሳታነሳ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለችልኝ። ያው የልጇ ፈገግታ ነው።

ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅን። ልጁን በጎኑ አዙረን በመምጠጫው ጉሮሮውን አጸዳንለት። ሳለ፤ ተነፈሰ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዶክተር፣ ውሃ ላምጣልህ?» አለችኝ አዲሷ ነርስ።

«ጋሼ መርፌን አምጪልኝ» አልኳት።

መጡ። ከሴትዮዋ ጋር ረጅም ሰዓት አወሩ። እሷ ወለል ወለሉን እያየች ነው የምትናገረው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዶክተር፣ የመጣንበት መንገድ ኬላ በኬላ ነው» አሉ። «በየኬላው ጓንት ያጠለቁ ሰዎች አሉ። በሽታ ይዘን እንዳንገባ ይፈራሉ። ልጆቹን አውርደው ይጫኗቸዋል። ያለቀሰ ወይም የተኮማተረ ልጅ ካገኙ ያን ቤተሰብ በሙሉ ይመልሱታል። መመለስ ማለት ምን እንደሆነ እባክዎ አይጠይቁኝ።»

«እና?»

«እናማ አስተማርናቸው። መኪናው ላይ አንዳችን እንቆነጥጣለን፣ አንዳችን ፊታቸውን እናያለን። ያልሳቀ እንደገና ይቆነጠጣል። እኔም የልጅ ልጄን ቆንጥጫለሁ።»

«ይሄ እኮ ሆስፒታል ነው፣ ጋሼ።»

«ጓንቱ ያው ጓንት ነው።»

«ታዲያ ጠዋት ሲስተር ስትጠይቅ ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ደህና ነው አለች፣ ደህና ነው አልኩ። ሁላችንም ደህና ነን ስንል ነው እዚህ የደረስነው።»

ከወለሉ ተነስቼ ልጁን እንደገና መረመርኩት።

በማግስቱ አሠራራችንን ልለውጥ ተነሳሁ። መጀመሪያ ጋሼ መርፌን አዳራሹ መሃል አቁሜ «እዚህ የታመመ አይመለስም፣ ይታከማል» አስባልኳቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ አንድ አባት ብቻ የሆነ ነገር ተናገረ። «ምን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። «እነዚያም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበር የሚሉን አለ» አሉኝ። ነጭ ጋውናችንን አውልቀን ሞከርን። በባዶ እጅ ሞከርን። ልጆቹ ፈገግታቸውን ያሳዩናል፤ እኛ ምን እንደያዛቸው ሳናውቅ እንቆማለን። ሲስተር፣ ሕፃን ሲስቅልሽ የሚያስፈራሽ ሥራ ገጥሞሽ ያውቃል? ቤቴ ገብቼ የጎረቤቴ ልጅ በመስኮት ስትስቅልኝ ደነገጥኩ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ታየኝ። እኛ ሆድ አንነካም፤ እናትየው ትነካለች። እኛ ራቅ ብለን የልጁን ፊትና የእግሩን ጣቶች እናያለን። ለጓንት መዋሸት የተማረ ልጅ ለእናቱ እጅ መዋሸት ይከብደዋል፤ እግሩን ይሰበስባል፣ እጇን ይይዛታል። ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ በራሴ ተደስቼ ነበር። አንዲት እናት እሺ አትለኝም መሰለሽ! ከባለ ጓንቶቹ ጋር ተባብራችሁ ልጆቻችሁን አጋልጡ ያልናቸው መሰላቸው። እሺ ያሰኘቻቸው የልጁ እናት ናት። ማንም ሳይጠራት ከተኛበት ክፍል ወርዳ አዳራሹ መሃል ቆመችና ተናገረች። ረጅም አልነበረም።

«ምን አለቻቸው?»

«ልጄ እየሳቀ ሊሞትብኝ ነበር አለቻቸው» አሉ ጋሼ መርፌ።

በዚያ ቀን ክንዷ የተሰበረ ልጅ አገኘን፤ እንደዚያው ይዛው ስንት ኬላ አልፋለች። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አገኘን። ጆሮው ውስጥ ቁስል ያለበት፣ እግሩ ውስጥ እሾህ የመገለበት። ሁሉም ደህና ነን ብለው አረንጓዴ ታስሮላቸው የነበሩ ናቸው። ግማሹን ካንቺ መሄድ በኋላ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ልጁም መሻል ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ቁስሉን ስናጥብ ፊቱ ተለዋወጠና ድንገት አለቀሰ። እንደ ማንኛውም ልጅ፣ ንፍጡ እየወረደ። አዲሷ ነርስ የያዘችው ጥጥ ከእጇ ወደቀ። የእናትየው እጅ ወደ አፉ ተነሳ። መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ መለሰችውና ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት። ልጁ አልቅሶ እስኪያበቃ ድረስ እጇ ላይ እንደተቀመጠች ቆየች። ያንን ብታዪ ምን እንደምትዪ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ካንቺ በቀር ማን ጋር እንደማወራው አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ።

ሴትዮዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት «ባለመነጽሯ የታለች?» ትላለች። እረፍት ላይ ናት እላታለሁ። ትናንት ልጁ እንደገና መከፈት እንዳለበት በጋሼ መርፌ በኩል ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

«ያቺን ሴት ምን አደረጋችኋት?» አለች።

«ምንም። ቤቷ ናት።»

«በእኔ ውሸት ነው የጠፋችው። ደህና ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ኬላ ላይ የታመመ ሰው ያሳለፈ ጠባቂ በማግስቱ ቦታው ላይ አይገኝም። የት እንደሄደ ማንም አይጠይቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን። እሷን ያጠፋ እጅ ልጄን ሁለተኛ አይከፍተውም። እሷን አሳዩኝና እፈርማለሁ።»

ማልኩላት። እኔ፣ መማል የማልወደው ሰውዬ፣ በልጆቼ ማልኩላት። ጋሼ መርፌ መሐላዬን ተርጉመው «አላመነችዎትም» አሉኝ። ያንን መተርጎም አያስፈልጋቸውም ነበር።

ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ላለ ልጅ ሁለት ሐኪም ከፈረመ የወላጅ ፈቃድ አያስፈልግም። ጥበቃዎቹን ጠርቼ ልጁን ከእቅፏ ወስጄ ላስገባው እችላለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሕግ ካለ ወደ ጎን የማይ ሰው አይደለሁም። ግን የቀዶ ጥገናው ክፍል አዳራሹን አልፎ ነው ያለው። እየጮኸች ልጇ ሲነጠቅ ከመጠለያው ዛሬም የሚመጣው ያ ሁሉ እናት ያያል። ወሬው እንደሁ ከትናንት ጀምሮ አዳርሷል። ዛሬ ጠዋት ከቤትሽ ስመለስ አዲሷ ነርስ በር ላይ ጠበቀችኝና «ዶክተር፣ ልጆቹ እንደገና ፈገግ ማለት ጀምረዋል» አለችኝ።

የተቆጣሁት በምን እንደሆነ አሁን ልንገርሽ።

ያልሠራሽው አንድ ነገር ልጁን አለማስዘለልሽ ነው። ሆዱን ያመመውን ልጅ ሁሉ አስነስተሽ «እንደ ጥንቸል ዝለልልኝ» ትያለሽ፤ ሆዱ ውስጥ እሳት ያለበት ልጅ ፊቱን ቢያሳምርም አይዘልም። ያን ቀን ወለሉ ሰው ብቻ ስለነበር መዝለያ አልነበረም፤ ተውሽው። ቢዘል ኖሮ ምናልባት ይታወቅ ነበር። ምናልባት ነው ያልኩት። በዚያ ሰዓት ይፈንዳ አይፈንዳ እኔም አላውቅም፣ ቀዶ ሐኪሙም አያውቅም። ጥፋትሽ ይህ ነው። ልኩም ይህ ነው። ምንም አላጠፋሽም ብዬ ላባብልሽ ብችል ኖሮ ጠዋት እህትሽ ፊት ጮክ ብዬ እለው ነበር።

አንቺ ግን የራስሽን ወስደሽ መቼ በቃሽ። የኬላ ጠባቂዎቹን፣ መንገዱን፣ ልጆች ሲቆነጠጡ የሚስቁበትን ዓለም፣ ሁሉንም ተሸክመሽ ቤትሽ ገብተሽ ዘጋሽ። የሌላውን ድርሻ ለባለቤቱ ተዪለት። ካንቺ የሚፈለገው የራስሽ ነው፤ እሱም የሚከፈለው እዚህ እንጂ አልጋሽ ላይ አይደለም። የተቆጣሁት በዚህ ነው።

መንትዮቹ የሞቱብን ዕለት ትዝ ይልሻል? ጋውኔን አውልቄ በኋላ በር ልወጣ ስል እጅጌዬን የያዝሽው አንቺ ነሽ። «ማልቀስህን ጨርስና ና። ቀጣዩ ልጅ ሳል ይዞ ነው የመጣው፣ ያንተን እንባ ሊያይ አይደለም» አልሽኝ። ክፉ ሴት ናት ብዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ባትይዢኝ ኖሮ ይሄኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ማኅተም ስመታ እውል ነበር። እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ ብዬሽ አላውቅም፤ ሥራሽ መስሎኝ ነው። ድንገተኛ ክፍሉ ያለ አንቺ ይሠራል፤ አልዋሽሽም። እኔ ግን ከማን ጋር እንደምጨቃጨቅ ግራ ገብቶኝ ሰነበትኩ። አዲሷ ነርስ የምላትን ሁሉ እሺ ትለኛለች። እሺ የሚል ሰው አጠገቤ ሲሆን ምን ስሕተት እያሳለፍኩ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ።

ይህን የምጽፈው ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ሴትዮዋ አሁን ልጁን በአልጋው እያስገፋች፣ ጋሼ መርፌን አስከትላ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ግንባሩ ይፋጃል። ወረቀቱን በአገጯ አመለከተችኝ።

«ለማን ነው የምትጽፈው?»

«ለእሷ።»

«በሕይወት ካለች ለምን ትጽፍላታለህ? ጥራት።»

«ጠራኋት። አልመጣም አለች።»

«ቂም ይዛብኛለች?»

«ባንቺ አይደለም። በራሷ።»

ይህንን ጋሼ መርፌ ሁለት ጊዜ መተርጎም ነበረባቸው። ከዚያ ሴትዮዋ እጇን ልጁ ግንባር ላይ እንዳደረገች ቀስ ብላ መናገር ጀመረች፤ እሳቸውም ቃል በቃል እየተከተሉ ተረጎሙልኝ። «እንዲህ ብለህ ጻፍላት። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዓይናቸው እንደ ጭልፊት የሆኑ ጠባቂዎች ነክተውታል፤ አንዳቸውም አላወቁበትም። እሷም ባታውቅበት አይገርምም። ጎበዝ ልጅ ነው።» ጋሼ መርፌ ልጁን እያዩ «ጎበዝ ልጅ ነው ትላለች» ብለው ደገሙት።

እንዳለችው ጻፍኩት። እኔ በሐሳቧ አልስማማም፤ የእኔን ከላይ ጽፌልሻለሁ። እሷ ግን ራሷ፣ ፊትሽን እያየች ልትነግርሽ ትፈልጋለች።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣ። ክፍሉን እያጠቡ ነው። ውሃው በበሩ ሥር እስከ ጫማዬ መጥቷል።

ደብዳቤውን የሚሰጥሽ የአምቡላንሱ ሹፌር ነው፤ ሞተሩን እንዳያጠፋ ነግሬዋለሁ። ካልመጣሽ እፈርማለሁ፣ ጥበቃዎቹንም እጠራለሁ። ልጁ እንዲሞት አልተወውም፤ ጩኸቷ ግን አዳራሹ ድረስ ይሰማል። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ያሉትን ልጆች በምን እንደምናገኛቸው አላውቅም። ሳትለብሺ፣ ሳታበጥሪ፣ እንዳለሽ ውጪ። አንድም ቃል መናገር አይጠበቅብሽም፤ በዚህ ኮሪደር ስትራመጂ ትይሽ። ብዕሩን እኔ ይዤ እጠብቃችኋለሁ።

ሰላምታ አልጻፍኩልሽም። ስትመጪ እንለዋወጣለን።

ዶክተሩ